«ፓሮላ»፤ ምሳሌ የተባለው ነገር ቃል ስለ መሆኑ

ፓርላማ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ገብቶ ዜግነት ካገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሲወጣ ለሁለቱ ምክር ቤቶች የተሰጣቸው ስም የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚል ጥሩ አማርኛ ነበር፤ በሰው አፍ የጸናው ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ስም ነው። ዛሬም በጨዋታ መካከል ምክር ቤቱን በሙሉ ስሙ የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ፓርላማ» ይላል። ይህ ስም ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ረጅም መንገድ ያስኬዳል። የፈረንሳይኛው «ፓርልማን»ና የጣልያንኛው «ፓርላሜንቶ» መነጋገሪያ እንደ ማለት ናቸው፤ የወጡትም «ፓርሌ»ና «ፓርላሬ» ከሚሉት ግሦች ሲሆን ትርጕማቸው መናገር ነው። የእነዚህ ግሦች እናት በኋለኛው ዘመን ሮማይስጥ፣ ማለት በላቲን፣ «ፓራቦላሬ» ትባላለች፤ የእርስዋም እናት «ፓራቦላ» ናት። «ፓራቦላ» ደግሞ የዘሪው፣ የሰናፍጭዋ ቅንጣትና የጠፋው ልጅ ታሪክ በወንጌል የሚጠራበት ስም ነው፤ አባቶቻችን «ምሳሌ» ብለው ተርጕመውታል። እንግዲህ ሰው ፓርላማ ባለ ቍጥር ሳያውቀው ምሳሌን ይጠራል ማለት ነው።

ከዚህችው «ፓራቦላ» የጣልያንኛው «ፓሮላ»፣ የፈረንሳይኛው «ፓሮል»፣ የእስጳንኛው «ፓላብራ»፣ የፖርቱጋልኛው «ፓላቭራ»ና የካታላንኛው «ፓራውላ» ተወልደዋል፤ ትርጕማቸውም ከጥቂት ልዩነት በቀር ቃል ማለት ነው። ምሳሌ የነበረው ነገር እንዴት ቃል ሆነ? ይህ ጥያቄ ከሮማይስጥ የተወለዱትን ቋንቋዎች ያጠኑ ሊቃውንት ከብዙ ጊዜ በፊት የደረሱበት ስለሆነ እኛ አዲስ ነገር አገኘን አንልም። ለመመርመር የተነሣነው ጥያቄውን ሳይሆን በማስተማሪያ መጻሕፍት በብዛት የሚሰጠውን መልስ ነው። መልሱም እንዲህ ይላል፤ በጥንቱ ሮማይስጥ ቃል «ቬርቡም» ይባል ነበር፤ የዮሐንስ ወንጌል ሲተረጐም «ቬርቡም» የወልድ ስም ሆነ፤ ሕዝቡም ይህን ቅዱስ ስም በገበያና በጓዳ ማንሣት ፈራ፤ በፈንታውም «ፓራቦላ»ን ያዘ። መልሱ ያማረ ነው፤ አጭርም ስለሆነ በፈተና ወረቀት ላይ በሁለት መስመር ይጻፋል። እኛ ግን የዚህ ክርክር ዋና ምስክር ከራሳችን ቋንቋ እንደሚገኝ፣ የሚመሰክረውም በመልሱ ላይ እንደ ሆነ እናምናለን።

በመጀመሪያ የቃሉን ትውልድ እንቍጠር። በጽርእ «ፓራ» አጠገብ፣ «ባሌይን» መጣል ማለት ነው፤ «ፓራቦሌ» እንግዲህ አንዱን ነገር በሌላው አጠገብ ማኖር፣ ማስተያየት ይሆናል። አሪስጣጣሊስ ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ከማስረጃ ዓይነቶች መካከል ቈጥሮታል። ሮማውያንም ቃሉን ከጽርእ የተቀበሉት መጀመሪያ ለዚሁ ሥራ ነበር፤ በ1ኛው መቶ ዓመት ሴኔካና ኲንቲልያኖስ ሲያነሡት የንግግር አስተማሪዎች ቃል ነው እንጂ የገበሬ ቃል አይደለም። የሒሳብ ሰዎችም ወስደውታል፤ የጴርጌው አጶሎንዮስ ለአንዱ ጠማማ መስመር ይህን ስም ሰጥቶታል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ፓራቦላ» እያልን በሰሌዳ ላይ የምንስለው መስመር የ«ፓሮላ» የሥጋ ዘመድ ነው።

ቃሉ ከሊቃውንት እጅ ወጥቶ ወደ ሕዝብ የወረደው በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ነው። ሰብዓ ሊቃናት ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ ሲመልሱ «ማሻል» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል በብዙ ስፍራ «ፓራቦሌ» ብለውታል። «ማሻል» ግን ከጽርኡ ቃል ይልቅ ሰፊ ነው፤ ተረትና ምሳሌም፣ ማስተያየትም፣ ባለ ራእይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረው ክቡር ንግግርም ይባልበታል። በኦሪት ዘኍልቍ በለዓም በተራራ ላይ ቆሞ የተናገረው «ማሻል» ይባላል፤ በውስጡ ግን የዘሪ ወይም የእረኛ ታሪክ የለበትም። ሄሮኒሞስ በ382 እ.ኤ.አ. በሮማ የወንጌሉን የሮማይስጥ ትርጕም ማረም ጀምሮ፣ በኋላም ብሉይን ከዕብራይስጥ ሲመልስ፣ ይህን ስፋት እንዳለ ወደ ሮማይስጥ አገባው። በመጽሐፈ ኢዮብ በ27ኛውና በ29ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ፣ ኢዮብ ንግግሩን እንደ ገና መቀጠሉ በሚነገርበት ስፍራ፣ የሮማይስጡ መጽሐፍ «ፓራቦላ»ውን አነሣ ይላል። ከዚያ የሚከተለው እሮሮና ሙግት ነው እንጂ ምሳሌ አይደለም። ይህን የሰማ ያልተማረ ሰው «ፓራቦላ» ማለት ንግግር ነው ብሎ ቢረዳ ምን ይፈረድበታል? በእኛ አስተያየት የትርጕሙ ለውጥ የተጀመረው በዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የዕብራይስጡ «ማሻል»፣ የዐረብኛው «መሠል»ና የግዕዙ «ምሳሌ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ቮልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት የተመለከተ ሰው ዝምድናቸውን ያገኘዋል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የአውሮፓው ፓሮላ ከእኛ የተወሰደ ነው» ለማለት የሚቸኵል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። ድምፁ የጽርእ ነው፤ ትርጕሙ የሰፋው በሴማዊ ቋንቋ በኩል ቢሆንም ያ ቋንቋ ዕብራይስጥ ነው እንጂ ግዕዝ አይደለም። የአክስት ልጅ ያገኘውን ርስት የራስ አድርጎ መከራከር በየትኛውም ችሎት አይረታም።

የድምፁን ለውጥ በአጭሩ እንለፈው። «ፓራቦላ» ሲነገር ድምፅ የሚጠነክረው በ«ራ» ላይ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ደካማ «ቦ» መጀመሪያ ወደ «ቮ»፣ ቀጥሎም ወደ «ው» ላላና «ፓራውላ» ሆነ፤ በደቡብ ፈረንሳይና በካታሎንያ እንዲሁ ቀረ። በኢጣልያና በሰሜን ፈረንሳይ «አው» ወደ «ኦ» ተለወጠ፤ ወርቅ «አውሩም» መባሉ ቀርቶ «ኦሮ» እንደ ተባለ ሁሉ። በእስጳንያ ግን የመካከሉ አናባቢ ወድቆ «ፓራብላ» ሆነ፤ ከዚያም «ር»ና «ል» ቦታ ተለዋወጡና «ፓላብራ» ተባለ። ተአምር ከ«ሚራኩሉም» «ሚላግሮ»፣ አደጋ ከ«ፔሪኩሉም» «ፔሊግሮ» የሆኑት በዚሁ በእስጳንኛ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በመጀመሪያ ለተከራካሪያችን የሚገባውን እንስጠው። «ቬርቡም» ከተራው ሕዝብ አፍ መውጣቱ እውነት ነው። በጣልያንኛና በእስጳንኛ «ቬርቦ» የሚለው በተለይ ለሁለት ነገር ቀርቷል፤ አንዱ የወልድ ስም ነው፣ ሁለተኛው በሰዋስው ግሥ የምንለው ነው፤ ሁለቱም የመጽሐፍ ቃላት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አንድን የዕለት ቃል ወስዳ የራስዋ ልታደርገው እንደምትችልም «ኦራትዮ» ምስክር ነው፤ በኪኬሮ ዘመን ንግግር ማለት ነበር፤ በጣልያንኛና በእስጳንኛ ግን ጸሎት ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ተከራካሪያችን ባዶ እጁን አልመጣም።

ይሁን እንጂ አክብሮት ቃልን ይገድላል የሚል ሰው በመጀመሪያ ስለ «ሎኲ» ይንገረን። «ሎኲ» በጥንቱ ሮማይስጥ መናገር ማለት ነው። የማንም ቅዱስ ስም አልነበረም፤ ሊፈራ የሚችልበትም ምክንያት የለም፤ ነገር ግን ከ«ቬርቡም» ይልቅ እርሱ ጨርሶ ጠፋ። በስፍራው በኢጣልያና በፈረንሳይ «ፓራቦላሬ»፣ በእስጳንያና በፖርቱጋል «ፋቡላሪ» ገቡ፤ ከዚህ ከሁለተኛው የእስጳንኛው «አብላር»ና የፖርቱጋልኛው «ፋላር» ወጡ። «ፋቡላ» ተረት ማለት ነው። ስለዚህ እስጳንያዊ ሲናገር እንደ ትውልዱ ተረት ያወራል፤ ቃል ሲሰጥ ደግሞ ምሳሌ ይሰጣል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የንግግር ቃላት ቢሞቱ፣ አንዱን አክብሮት ገደለው ብሎ ሌላውን ዝም ማለት የመርማሪ ሥራ አይደለም።

ነገሩ ከንግግር ቃላትም ያልፋል። የመንደሩ ሮማይስጥ እንዲህ ያለውን ለውጥ በየቤቱ ሲያደርግ የኖረ ቋንቋ ነው። ራስን «ካፑት» ማለት ሰልችቶት «ቴስታ» አለው፤ ሸክላ ማለት ነው፤ የጣልያንኛው «ቴስታ»ና የፈረንሳይኛው «ቴት» ከዚህ ወጡ። ክቡሩን ፈረስ «ኤኲዩስ» ትቶ «ካባሉስ» የተባለውን የሥራ ፈረስ አነሣ። እሳትን በምድጃ ስም «ፎኩስ»፣ አፍን በጕንጭ ስም «ቡካ» ብሎ ጠራ። ሕዝቡ ራሱን፣ ፈረሱንና እሳቱን ለመጥራት ስለ ፈራ ነው የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ቋንቋው የደረቀውን ቃል ትቶ ሥዕል ያለበትን ቃል ይወድ ነበር፤ «ቬርቡም»ም ከደረቁት አንዱ ነበረ።

ሦስተኛው ምስክር ከምሥራቅ ይመጣል። ሩማንያውያን ቃልን «ኩቭንት» ይሉታል፤ ከሮማይስጡ «ኮንቬንቱም» የመጣ ሲሆን ስብሰባ፣ ስምምነት ማለት ነበር። የፈረንሳዩ ቃል ከንግግር ተነሥቶ ፓርላማ ወደሚባል ስብሰባ ሲሄድ፣ የሩማንያው ቃል ከስብሰባ ተነሥቶ ወደ ንግግር ሄደ፤ በመንገድ ላይ ሳይተያዩ ተላለፉ። ይኸው «ኮንቬንቱም» በአልባኒያ «ኩቬንድ» ሆኖ የዚያ አገር ፓርላማ ስም መሆኑን ለጨዋታ ያህል እንጨምራለን። የሩማንያ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት የቀደሰችው በስላቮን ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ በቅዳሴ ውስጥ «ቬርቡም» የሚል የወልድ ስም ሲሰማ አልኖረም። የሚፈራ ስም ሳይኖር ግን «ኩቭንት» ገብቶ ስፍራውን ያዘ። እውነት ነው፣ ሩማንያውያን «ቮርባ» የሚል ሌላ የንግግር ቃል አላቸው፤ ሊቃውንትም አንዳንዶቹ ከ«ቬርቡም» ነው፣ አንዳንዶቹ ከስላቮች ነው እያሉ ይከራከሩበታል። የፊተኛው ቢረታ ለተከራካሪያችን ይጠቅመዋል፤ ይህን አንሸሽገውም። የማይካደው ነገር ግን የዮሐንስ ወንጌል ወደ ሩማንያኛ ሲመለስ ለወልድ ስም የተመረጠው ይኸው ተራ «ኩቭንት» መሆኑ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ማንም ሰው ቃሉን ከገበያ አላስወጣውም።

ይህ ወደ ራሳችን ይመልሰናል። ከጽርእ ወደ ግዕዝ የተረጐሙት አባቶች በዮሐንስ ወንጌል ያለውን «ሎጎስ» «ቃል» ብለው መለሱት። ከ1300 ዓመት በላይ ቃል የወልድ ስም ሆኖ ሲነበብ፣ ሲዜምና ሲሰበክ ኖረ፤ በጎንደር ዘመን ሊቃውንቱ ስለ ቃል ሥጋ መልበስ በጉባኤ እየተከራከሩ እስከ መለያየት ደርሰዋል። በቅዱስነቱ ከ«ቬርቡም» አያንስም። ታዲያ በመንደርና በችሎት ምን ሆነ? ምስክር ቃሉን ይሰጣል፤ ጸሓፊው ቃል ይቀበላል፤ ነጋዴ ቃል ይገባል፤ ሲከዳም ቃሉን አጠፈ ይባላል። የተጣላ ሰው ክፉ ቃል ተናገረኝ ብሎ ይከሳል። በሐሰት የሚመሰክር እንኳ የሚሰጠው ያው ቃል ነው፤ ስሙ ለወልድ ተሰጥቷልና ሌላ ስም ይፈለግለት ያለ ዳኛ የለም። አንድ አማኝ ሕዝብ ቅዱሱን ስምና ተራውን ቃል በአንድ ድምፅ ይዞ ከሺህ ዓመት በላይ መኖር ከቻለ፣ አክብሮት በራሱ ቃልን ያስጥላል የሚለው ሕግ ሕግ አይደለም። የኢጣልያና የእስጳንያ ገበሬ ከእኛ ገበሬ ይልቅ እግዚአብሔርን ይፈራ ነበር የሚል ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

ቅዱስነት በቃል ላይ ምንም አያደርግም ማለታችን አይደለም። ያደርጋል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ቃሉን ከመግደል ይልቅ ከጎኑ ሌላ ልጅ ያስወልደዋል። በሰርዲንያ ደሴት «ብሬቡስ» የሚባሉ የምስጢር ቃላት አሉ፤ ሕመምንና ክፉ ዓይንን ለመመለስ በሚያውቁ ሰዎች በሹክሹክታ ይደገማሉ። ስማቸው «ቬርባ» ከሚለው የ«ቬርቡም» ብዙ ቍጥር የወጣ ነው። የእኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። «ስም» በግዕዝ ሲበዛ «አስማት» ይሆናል፤ ስሞች ማለት ነው እንጂ ሌላ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን የምስጢር ስሞች ከሚጠሩበት ጸሎትና ክታብ የተነሣ በአማርኛ ሌላ ነገር ሆኖ ቀረ። «ደገመ» የሚለውም ግሥ ዳዊት ከመድገም ጋር «ድግምት»ን ወልዷል። ሆኖም «ስም» አልሞተም፤ ለልጆቻችን ስም እናወጣለን። «ደገመ»ም አልሞተም፤ ተማሪ ክፍል መድገምን የሚፈራው በሌላ ምክንያት ነው።

አክብሮት ካልሆነ እንግዲህ ምን ነው? አንደኛው ምክንያት የታወቀ ነው፤ ስብከት ነው። ሮማይስጥ ለማያነበው ሕዝብ «ፓራቦላ» በየሰንበቱ ከካህኑ አፍ የሚወጣ ነገር ነበረ፤ ቀስ በቀስም የካህኑ ንግግር ሁሉ፣ በመጨረሻም የማንም ሰው ንግግር በዚሁ ስም ተጠራ። ሕዝቡ ቅዱሱን ቃል ፈርቶ ሸሸ ከማለት ይልቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሰማውን ቃል ወድዶ ወደ ቤቱ ይዞት ገባ ማለት ለነገሩ የቀረበ ነው። የሚገርመው ደግሞ የአክብሮቱ መልስ ይህን እውነት መገልበጡ ነው፤ «ፓራቦላ» ራሱ የወንጌል ቃል አይደለምን? ሕዝቡ ከቅዱሱ የሚሸሽ ቢሆን ኖሮ ከወንጌል ወጥቶ ወደ ወንጌል ባልገባ ነበር።

ሁለተኛውን ምክንያት ግን ግዕዝና አማርኛን ከሮማይስጥ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ስናኖር ያየነው ነው። አንዱ የጽርእ ወንጌል በተቀራራቢ ዘመን ወደ ሁለት ቋንቋዎች ገባ። የሮማይስጥ ተርጓሚዎች «ፓራቦሌ»ን ድምፁን እንኳ ሳይለውጡ ወሰዱት፤ የአክሱም ተርጓሚዎች ደግሞ ከራሳቸው ቤት «ምሳሌ»ን አወጡ። የ«ምሳሌ» ሥር «መሰለ» ነው፤ ይህንም ሕፃን ያውቀዋል። መሰለ፣ ተመሳሰለ፣ ምስል፣ አምሳያ፣ እንደ እኔ ሆኖ ይሥራ ተብሎ የሚሾመው ምስለኔ እንኳ፣ ሁሉም በዙሪያው ቆመው ይጠብቁታል። ምሳሌ «ቃል» ልሁን ብሎ ቢነሣ እነዚህ ወንድሞቹ አይለቁትም፤ መምሰል የሌለበት ምሳሌ በአማርኛ ጆሮ አይገባም። በሮማይስጥ ግን «ፓራቦላ» ዘመድ የሌለው እንግዳ ነበር። «ፓራ»ንና «ባሌይን»ን የሚያውቅ ገበሬ የለም፤ ስለዚህ የሚጎትተው አልነበረም፤ ስብከቱ ወደ ወሰደው ሄደ። 

«ታዲያ ፋቡላስ? እርሱ የሮማይስጥ ተወላጅ አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። የ«ፋቡላ» ሥር «ፋሪ» ነው፤ ነገር ግን «ፋሪ» አስቀድሞ በጥንቱ ዘመን እንኳ የባለቅኔዎች ያረጀ ቃል ሆኖ ነበር፤ እናቱ የሞተችበት ልጅ እንደ እንግዳ ይቈጠራል። ሐሳባችን በዚህ ሁሉ ተረጋገጠ ብለን አንመካም። ነገር ግን ከራሳችን ቤት አንድ ተጨማሪ ምስክር አለን። «አትሮንስ» ከጽርእ «ትሮኖስ» ወደ ግዕዝ የገባ እንግዳ ቃል ነው፤ «ትሮኖስ» ዙፋን ማለት ነው። በግዕዝ ውስጥ የሚይዘው ሥር ስለሌለ ከዙፋንነት ወርዶ ዛሬ በአማርኛ መጽሐፍ የሚዘረጋበት እንጨት ሆኗል። «መንበር» ግን ከ«ነበረ» ጋር ስለ ታሰረ መቀመጫነቱን አልለቀቀም።

የ«ፓሮላ» ልጆች ከዚያ በኋላ የሄዱበትን ሁሉ ብንከተል መጽሔቱ አይበቃንም። ሁለቱን ብቻ እናንሣ። አንደኛው የማመኛ ቃል መሆኑ ነው። ጣልያኖች፣ ፈረንሳዮችና እስጳንያውያን ቃሉን የሚጠብቅ ሰውን «የፓሮላ ሰው» ይሉታል፤ እኛም ቃሉን የሚያከብር እንላለን። የተማረከ መኰንን እንዳይሸሽ ቃሉን ሰጥቶ ከእስር የሚለቀቅበት ወግ «ፓሮል» ተባለ፤ እንግሊዝኛ ይህን ወስዶ ኋላ ከወኅኒ በቅድመ ሁኔታ ለሚፈታ እስረኛ አዋለው። አማርኛ ለዚህ ነገር የመረጠው «አመክሮ» ነው፤ ወደ ገዳም የገባ ሰው ከመመንኰሱ በፊት የሚፈተንበት ጊዜ ስም ነው። እንግሊዙ እስረኛውን በቃሉ ሲያምነው የእኛው ቃል ገና ይፈትነዋል፤ ሁለቱ ስሞች አንድ ሥራ ቢሠሩም አንድ ሐሳብ አይደሉም።

ሁለተኛው መንገድ ወደ አፍሪቃ ያመጣናል። የፖርቱጋል መርከበኞች በምዕራብ አፍሪቃ ጠረፍ ከአገሬው ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ «ፓላቭራ» እያሉ ነበርና፣ እንግሊዞች በ18ኛው መቶ ዓመት ቃሉን ከዚያው አንሥተው ከአገሬው ጋር የሚደረግ ረጅም ድርድር «ፓላቨር» አሉት። ጥቂት ቆይቶ ፍሬ የሌለው ልፍለፋ ማለት ሆነ። ፈረንሳይኛም ከእስጳንኛው ወስዶ «ፓላብር» ብሎ ያው ዓይነት ንቀት ጨመረበት። ይህን ለውጥ ያለ ትዝብት ማለፍ አይገባም። ያ ረጅም ንግግር ለሽማግሌዎቹ ችሎትም ምክር ቤትም ነበረ፤ ያልገባው ነጋዴ ግን ልፍለፋ ብሎ ሰየመው። በፓሪስ የሚደረገው ረጅም ንግግር «ፓርልማን» ተብሎ ሲከበር በዛፍ ጥላ ሥር የሚደረገው «ፓላብር» ተብሎ ተናቀ፤ ሁለቱም ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በዋርካ ሥር ሽምግልና ያየ የእኛ አንባቢ በየትኛው እንደሚስቅ ያውቃል። ፈረንሳይኛ በሚነገርባቸው የአፍሪቃ አገሮች «የፓላብር ዛፍ» የሚለው ስም ለሽማግሌዎች መሰብሰቢያ በክብር የሚነገር መሆኑ ደስ ያሰኘናል።

ለመጨረሻ ያቈየነው የትርጕም ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቈረቍረንም ይህ ነው። ፈርዲናንድ ደ ሶሱር በ1913 እ.ኤ.አ. ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ተማሪዎቹ ከያዙት ማስታወሻ ተሰብስቦ በታተመው ትምህርቱ «ላንግ»ንና «ፓሮል»ን ይለያል። «ላንግ» የአንድ ሕዝብ ሁሉ የጋራ ሀብት የሆነው ቋንቋ ነው፤ «ፓሮል» አንዱ ሰው ያን ሀብት አውጥቶ በአንድ ጊዜና በአንድ ስፍራ የሚናገረው ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ፓሮል»ን «ቃል» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ በጣልያንኛው «ፓሮላ» ይታለላል። በጣልያንኛ «ፓሮላ» አንዲቱ ቃል ናት፤ ፈረንሳይኛ ግን ለአንዲቱ ቃል «ሞ» የሚል ሌላ ስም ስላለው «ፓሮል»ን ለሚናገረው ድምፅና ለሰው ንግግር ለቅቆታል። «ሞ» የመጣው በከንፈር ከማጕረምረም ነው፤ የደከመ ቃል ይመስላል፤ ግን ቤቱን ይዟል። ስለዚህ የሶሱር «ፓሮል» በአማርኛ «ንግግር» መባል አለበት ብለን እንፈርዳለን፤ «ነገር» ብንለው ደግሞ ክርክርና ዕቃ ሁሉ ተከትሎት ይገባል። «ቃል» ለ«ሞ» ይቅርለት።